የቡና ጉልበት እንዴት ይለካል? ከጨርጨር ተራሮች እስከ ካርቦን ዘንግ

በምዕራብ ሐረርጌ ከቡና ተክል የሚጣል ነገር የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፍሬው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ ይፈላል። ገለባው ከወተት ጋር ተፈልቶ ሆጃ ይሆናል። ቅጠሉ ደርቆና ታምሶ ቁቲ ተብሎ ይጠጣል። ፍሬው ከነልባሱ በቅቤ ተለውሶ ቡና ቀላ ሲሆን ደግሞ የክብር ምግብ ነው። ከነዚህ ሁሉ ውስጥ የትኛው እንቅልፍ እንደሚነሣ፣ የትኛው ቀለል እንደሚል፣ አቦሉ ከበረካው በምን እንደሚለይ የአካባቢው እናቶች ያለ መሣሪያ ጠንቅቀው ያውቃሉ። «ይህ ቡና ጉልበት አለው» ሲሉ የሚናገሩት ስለ ጣዕሙ ብቻ አይደለም፤ ከጠጡት በኋላ በሰውነት ላይ ስለሚያደርገው ሥራም ነው።

ይህ ጉልበት በኬሚስቶች ዘንድ ስም አለው፤ ካፌይን ይባላል። ስም ከወጣለት 200 ዓመት አልፎታል። እንዴት እንደሚለካ የሚናገረው ታሪክ ግን በጀርመን፣ በብራዚል፣ በአዲስ አበባና በባሕር ዳር የሚዞር ሲሆን ጨርጨርን የሚነካው በጥቂቱ ነው። ቡናን በፈረሱላ ሲያስረክብ ለኖረ ገበሬ ጉዳዩ የሩቅ ሰዎች ጨዋታ ሊመስለው ይችላል። ከዚህ በታች የሚታየው ግን ልኬት ማን እጅ እንዳለ ሀብቱን ማን እንዳገኘው ጭምር የሚናገር ታሪክ ነው።

በመጀመሪያ ስለ አገሩ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ከአዲስ አበባ 326 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የዛሬዋ ጭሮ፣ አሰበ ተፈሪ በሚለው ስሟም የምትታወቀው፣ የጥንቱ የጨርጨር አውራጃ ዋና ከተማ ናት። በ1910ዎቹ አጋማሽ ጨርጨር እንደ አርአያ ግዛት ሆኖ እንዲተዳደር ሲታሰብ አስተዳዳሪ ሆነው የተላኩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነበሩ። እኚህ ሰው በኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት በማርቀቅ፣ ከዚያም ቀደም ብሎ የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት በመጻፍ ስማቸው ይነሣል። በፈረንሳይ አገር የግብርና ትምህርት የተማሩ መሆናቸው ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በግብርና የተማረ ሰው ቡና አብቃይ ለሆነ አውራጃ መሾሙ በዘመኑ ከተደረጉት ጥሩ ምርጫዎች አንዱ ነበር ማለት ይቻላል።

ቡናው ግን ከከተማዋ በብዙ ይቀድማል። የሐረር ቡና በዘይላ ወደብ በኩል ባሕር ተሻግሮ በየመን ገበያ ሞካ በሚለው ስም ይሸጥ ነበር። የጅቡቲው ምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ፣ በኋላም በሚኤሶ በኩል ወደ አዲስ አበባ ሲዘረጋ፣ የጨርጨር ተራሮች ምርት ወደ ሐዲዱ መውረድ ጀመረ። ሂርና፣ ገለምሶ፣ በዴሳ፣ መቻራና ሌሎችም ከተሞች የቡና ገበያ ሆነው አደጉ። ገበሬው ቡናውን ከማሽላ፣ ከበቆሎና ከጫት ጋር አሰባጥሮ በትንሽ ማሳ ያመርታል፤ እሸቱን ከለቀመ በኋላም በፀሐይ አድርቆ በጀንፈል ያስቀምጣል። በውኃ የሚታጠበው ቡና የደቡቡና የምዕራቡ መለያ ሆኖ ሲስፋፋ ሐረርጌ ከደረቁ አዘገጃጀት አልወጣም። የውኃ እጥረቱ ምክንያት እንደሆነ ግልጽ ነው። ዓለም የወደደው የሐረር ጣዕምም ከዚሁ ከፀሐይ ማድረቁ የተገኘ ነው።

አሁን ወደ ካፌይኑ እንሻገር። እ.ኤ.አ. በ1819 በጀርመኗ የየና ከተማ ፍሪድሊብ ፈርዲናንድ ሩንገ የሚባል የ20ዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ ወጣት ኬሚስት ነበር። የመርዛማ ተክል ጭማቂ የድመትን የዓይን ብሌን እንዴት እንደሚያሰፋ ለታላቁ ባለቅኔ ለጎተ አሳየ። ጎተ በሙከራው ተደስቶ ሲሰናበተው ጥቂት የቡና ፍሬ ሰጠውና ይህንንም መርምር አለው። ሩንገ ከፍሬው ውስጥ ነጭ፣ መራራ፣ እንደ መርፌ የሾለ ዱቄት አወጣ። በዚያ ዘመን ቡና በአውሮፓ ውድ ዕቃ ስለነበር እፍኝ ፍሬ ስጦታ ተብሎ ለሳይንቲስት ይሰጥ ነበር፤ በሐረርጌ ለእንግዳ የሚፈሰውን ጀበና ለሚያውቅ ሰው ይህ ፈገግ የሚያሰኝ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ፈረንሳውያን ኬሚስቶችም በየፊናቸው ያንኑ ንጥረ ነገር አገኙ። በሻይ ቅጠል ውስጥ የተገኘውም ለጊዜው ሌላ ስም ተሰጥቶት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1838 አንድ መሆኑ ተረጋገጠ። አሠራሩን በሙሉ ፈትቶ በቤተ ሙከራ ለመሥራት የቻለው ኤሚል ፊሸር ሲሆን ይህም የሆነው በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1902 የኖቤል ሽልማት አገኘ።

መጠኑን ማወቅ ሌላ ጣጣ ነበር። በጥንቱ ዘዴ የተፈጨው ቡና በውኃ ይፈላል፤ እንደ ክሎሮፎርም ባለ ፈሳሽ ካፌይኑ ተለይቶ እንዲወጣ ይደረጋል፤ ፈሳሹ ተንኖ የቀረው ዱቄት በሚዛን ይመዘናል። ሥራው ቀን ይፈጃል፤ ፈሳሹም ለሠራተኛው ሳንባና ጉበት ደግ አይደለም። በኋላ ካፌይን የዓይን ብርሃን የማያየውን አልትራ ቫዮሌት ጨረር እንደሚውጥ ስለታወቀ በጨረር መለኪያ መሣሪያ መለካት ተቻለ። ከዚያም ፈሳሽ ክሮማቶግራፊ የሚባለው ማሽን መጣ። ይህ ማሽን በቡናው ውስጥ ያሉትን ንጥረ ነገሮች በቀጭን ቱቦ እያሳለፈ አንድ በአንድ ይለያቸዋል። ማሽኑ እጅግ የታመነ ነው። ነገር ግን ዋጋው ውድ ነው፤ ንጹሕ ኬሚካል ያለማቋረጥ ይፈልጋል፤ የማይቋረጥ መብራትና የሠለጠነ ባለሙያም ይጠይቃል። አንድ መለዋወጫ ከውጭ እስኪመጣ ወራት ቆሞ የሚቀርበትን ሁኔታ በአገራችን ቤተ ሙከራ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

በዚህ መካከል ካፌይን ራሱ ሸቀጥ ሆኖ ነበር። የብሬመን ነጋዴ ሉድቪግ ሮዝሊየስ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ካፌይኑ የወጣለት ቡና ለገበያ አቀረበ። ኩባንያዎች ከቡናው ያወጡትን ካፌይን አይጥሉትም፤ ለመድኃኒትና ለለስላሳ መጠጥ ፋብሪካዎች ይሸጡታል። አንድ ፍሬ ሁለት ጊዜ ተሸጠ ማለት ነው። በአውሮፓ የተቆላ ቡና «ካፌይን የሌለው» ተብሎ ለመሸጥ የካፌይኑ መጠን ከ0.1 በመቶ መብለጥ የለበትም። የአረቢካ ቡና በተፈጥሮው የሚይዘው ወደ 1 በመቶ ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሲሆን ሮቡስታ የሚባለው ደግሞ እጥፍ ያህል ይይዛል። ስለዚህ አሥር እጅ ካለው ዘጠኙን እጅ ማውጣት ግድ ይሆናል፤ ሥራውም ወጪ አለው፤ ጣዕሙንም ይጎዳል። ከተፈጥሮው ካፌይን የሌለው የአረቢካ ዛፍ ቢገኝ ምን ያህል ሀብት እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ዛፉም ተገኘ። የተገኘው ግን በብራዚል ነው።

ነገሩ ከመነሻው እንዲህ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 እና 1965 በተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት የተላከ ቡድን በኢትዮጵያ ጫካዎችና ማሳዎች እየተዘዋወረ የቡና ዘር ሰበሰበ። ሥራው የተደረገው በግልጽና በስምምነት ነበር። የዓለም ቡና ከጥቂት እናት ዛፎች የተራባ በመሆኑ በሽታ ቢነሣበት መጠባበቂያ የሚሆነው ዘር ያለው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው ከሚል አሳብ የመነጨ ነው። ዘሩ ለተለያዩ አገሮች ተከፋፈለ። ከዚያ ውስጥ የተወሰነው በኮስታ ሪካ በኩል አልፎ በብራዚል ካምፒናስ ከተማ ወደሚገኘው የእርሻ ምርምር ተቋም ደረሰና ተተከለ። ዛፎቹ በዚያ ለአሠርት ዓመታት ቆሙ። ተመራማሪዎቹ ከኢትዮጵያ የመጡትን ወደ 3,000 የሚጠጉ ዛፎች አንድ በአንድ እየለኩ ሲሄዱ ከመካከላቸው ሦስት ዛፎች ካፌይን የላቸውም ሊባል በሚችል ደረጃ ሆነው ተገኙ፤ መጠኑ 0.08 በመቶ እንኳ አይሞላም ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2004 በታዋቂው ኔቸር መጽሔት ታተመ። ለዛፎቹም የአንድ ብራዚላዊ የቡና አዳቃይ ስም መነሻ ፊደላት መጠሪያ ሆኑላቸው።

በኢትዮጵያ በኩል የመብት ጥያቄ ተነሣ። መልሱ ግን ቀላል አልነበረም። የብዝኃ ሕይወት ሀብት የየአገሩ ንብረት መሆኑን የሚደነግገው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1993 መጨረሻ ሲሆን ከዚያ በፊት ከአገር የወጣ ዘር በስምምነቱ አይሸፈንም። ኢትዮጵያ የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አጠቃቀምን የሚመለከተውን አዋጅ ቁጥር 482 ያወጣችው በ1998 ዓ.ም. ነው፤ ዛፎቹ ብራዚል ገብተው ከከረሙ ከብዙ ዘመን በኋላ መሆኑ ነው። በሕጉ ክርክር ውስጥ ብዙ ያልተነሣ ሌላ ነጥብ አለ። የዛፎቹ እኅቶች እዚህም አገር በጫካና በጓሮ ቆመው ነበር፤ ኢትዮጵያ ራሷም በጅማ ዞን በጮጬ የቡና ዘር ማቆያ ማሳ አላት። የብራዚሎቹ ጥቅም ዘሩ ብቻ አልነበረም። 3,000 ዛፍ የመለካት አቅምም ነበራቸው። ፍሬውን ቀምሶ ካፌይን የሌለውን ዛፍ መለየት አይቻልም፤ ከቡና መራራነት ካፌይን የሚያዋጣው ጥቂቱን ብቻ ስለሆነ ምላስ ይታለላል። የሚለየው መሣሪያ ነው። ለያንዳንዱ ዛፍ አንድ ቀን የሚፈጅ ዘዴ ቢሆን ኖሮ ሥራው የስምንት ዓመት ሥራ ይሆን ነበር።

በዚያው ዓመታት ውስጥ ሐረርን በቀጥታ የነካ ሌላ ክርክር መካሄዱ የሚዘነጋ አይደለም። የኢትዮጵያ መንግሥት በ1997 ዓ.ም. ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመለከተ። ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር የተነሣው ክርክር በ1999 ዓ.ም. በስምምነት አለቀ። ሐረር የሚለው ስም በውጭ ገበያ ዋጋ ያለው ንብረት መሆኑ በዚህ ታወቀ። ስሙ ከተጠበቀ በኋላ ግን ሌላ ጥያቄ ይከተላል፤ ከረጢቱ ላይ ሐረር ተብሎ የተጻፈው ቡና በእርግጥ ከሐረርጌ መምጣቱ በምን ይታወቃል? የቡና ቀማሾች በድሬዳዋ ለዘመናት ይህን በአፍንጫና በምላስ ሲሠሩት ኖረዋል። በ2001 ዓ.ም. ቡና በምርት ገበያ መሸጥ ሲጀምር ከመቶው 60 እጅ ለቅምሻው፣ 40 እጅ ለጥሬው መልክ መሰጠቱ ለዚህ ችሎታ የተሰጠውን ክብር ያሳያል። ይሁን እንጂ ቀማሽም ሰው ነውና ይደክማል፤ ገዢና ሻጭ ሲከራከሩም የወረቀት ማስረጃ ማሳየት አይችልም።

እንግዲህ ርካሽ፣ ፈጣንና በትንሽ ቤተ ሙከራ የሚሠራ መለኪያ መፈለጉ ከዚህ የመነጨ ነው። ይህ መለኪያ ከወደ ኤሌክትሪክ መጣ።

የቼኩ ኬሚስት ያሮስላቭ ሄይሮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1922 በፈሳሽ ውስጥ የተነከረ ኤሌክትሮድ ላይ ኃይሉን ቀስ በቀስ እየጨመረ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ሲመዘግብ በፈሳሹ ውስጥ ምን እንዳለና ምን ያህል እንደሆነ ከመስመሩ ላይ ማንበብ እንደሚቻል አሳየ። በ1959 ኖቤል ተሸለመ። እርሱ የተጠቀመው በሜርኩሪ ጠብታ ነበር፤ ሜርኩሪ ግን መርዝ ከመሆኑም በላይ እንደ ካፌይን ላሉ ንጥረ ነገሮች አይመችም። በኋላ ኬሚስቶች ወደ ካርቦን ዞሩ። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ከእርሳስ ብዙም የማይወፍር ዘንግ ሲሆን ጫፉ ላይ ጥቁርና እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ፣ ስፋቱ 3 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ የካርቦን ክብ አለው።

አሠራሩን በገበያ ቋንቋ ማስረዳት ይቻላል። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር ኤሌክትሮኖቹን የሚለቅበት የራሱ ዋጋ አለው፤ ዋጋው የሚቆጠረው በቮልት ነው። መሣሪያው እንደ ጨረታ አጫራች ከዝቅተኛ ቮልት ጀምሮ እየጨመረ ይጠራል። በቡና ውስጥ ያለው ክሎሮጀኒክ አሲድ በዝቅተኛው ዋጋ ቶሎ ይሸጣል። ካፌይን ግን ጠንካራ ሻጭ ነው፤ ጥሪው 1.4 ቮልት አካባቢ እስኪደርስ ድረስ አይለቅም። ሲለቅ የኤሌክትሪኩ መስመር ከፍ ብሎ እንደ ተራራ ጫፍ ይሠራል፤ የጫፉ ከፍታ በፈሳሹ ውስጥ ካለው የካፌይን መጠን ጋር ይመጣጠናል። አስቀድሞ መጠኑ በታወቀ ካፌይን ጫፉን ለክቶ መስመር ያሰመረ ሰው የማንኛውንም ቡና ጫፍ አይቶ መጠኑን ይናገራል። የሚፈጀው ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነው። በፋርማሲ የሚሸጠው የስኳር ሕመምተኞች የደም መለኪያ የዚሁ ዘመድ ነው፤ ያችም ትንሽ ወረቀት መሰል ነገር ኤሌክትሮድ ናት።

ችግሩ የካፌይን ዋጋ መወደዱ ላይ ነው። 1.4 ቮልት ላይ ሲደረስ ውኃው ራሱ መፍረስ ይጀምራል፤ የውኃው ኤሌክትሪክ የካፌይንን ጫፍ ይሸፍነዋል። በተጨማሪም ከቡናው የሚመጣው ቅሪት የካርቦኑን ፊት ያቆሽሸዋል። ስለዚህ ባዶው ካርቦን አይበቃም፤ ፊቱ ላይ ሥራውን የሚያቀላጥፍ ነገር መቀባት አለበት። ባለፉት አሠርት ዓመታት የዓለም ኬሚስቶች የተረባረቡት በዚህ ላይ ነው። አንዳንዱ በቀጭን የፕላስቲክ ዘር ይሸፍነዋል፤ አንዳንዱ የካርቦን ናኖ ቱቦ፣ ግራፊን ወይም የወርቅ ናኖ ቅንጣት ይለጥፍበታል፤ አንዳንዱም ካርቦኑን ትቶ በቦሮን የተለወሰ አልማዝ ይጠቀማል።

ናኖ የሚለው ቃል ብዙ ሲባልለት ይሰማልና ልኩን ማወቅ ይገባል። የአንዲት ጤፍ ርዝመት ወደ አንድ ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህ አንድ ሚሊዮን ናኖ ሜትር ይሆናል። ናኖ ቅንጣት የሚባለው ከአንድ እስከ መቶ ናኖ ሜትር ድረስ ያለው ነው። የማነሱ ጥቅም ምን እንደሆነ ማንኛዋም ቡና አፍይ ታውቃለች፤ ያልተወቀጠ ቡና ጀበና ውስጥ ቢጨመር ውኃው ቀለም እንኳ አይይዝም፤ የተወቀጠው ግን ወዲያው ይሰጣል። ፍሬው ያው ነው፤ ውኃውን የሚነካው ገጹ ግን በዝቷል። የኤሌክትሮዱም ገጽ በናኖ ቅንጣት ሲሸፈን በዚያችው በ3 ሚሊ ሜትሯ ክብ ላይ ካፌይኑ የሚያርፍበት ቦታ ይበዛለታል፤ ኤሌክትሮኑም ባነሰ ግፊት ይሸጋገራል።

በአገራችን ይህ ሥራ የተጀመረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 መዓረግ አማረና ሽመልስ አድማሴ ታላንታ በተባለው ዓለም አቀፍ መጽሔት ላይ ባሳተሙት ጥናት የካርቦኑን ዘንግ በኤሌክትሪክ በተጋገረ ቀጭን የፖሊመር ሽፋን ለብጠው በቡና ውስጥ ያለውን ካፌይን ለኩ። ሽፋኑ ካፌይኑ በቀላሉ እንዲለቅ ከማድረጉም በላይ በቡናው ውስጥ ያሉ ሌሎች ንጥረ ነገሮች ልኬቱን እንዳያዛቡ ማድረግ መቻሉን አሳዩ። ከአምስት ዓመት በኋላ መዓረግ አማረ ከሰናይት አክሎግ ጋር በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሌላ ሙከራ አሳተሙ። በዚህኛው ሽፋኑ ሊግኒን ነው፤ ሊግኒን ማለት እንጨትን እንጨት የሚያደርገው፣ ግንድን የሚያጠነክረው ነገር ነው። ከውድ ብረትና ከውጭ ኬሚካል ይልቅ ከተክል የሚገኝ ነገር መመረጡ ብልህነት ነው። የወንበራ፣ የወለጋ፣ የፍኖተ ሰላምና የዘጌ ቡናዎች በውኃ ተዘጋጅተው ሲለኩ ወንበራ 0.164፣ ወለጋ 0.134፣ ፍኖተ ሰላም 0.097፣ ዘጌ 0.089 በመቶ ሆነው ተገኙ። ጠጪዎች ከሁሉ አብልጠው የሚመርጡት የወንበራን፣ ከሁሉ አሳንሰው የዘጌን መሆኑ ከልኬቱ ጋር መግጠሙንም ጻፉ። ይህ የሚያስደስት ግኝት ነው፤ የጠጪው ምላስና የመሣሪያው መስመር ተስማምተዋልና። ሆኖም አራት ቦታ ጥቂት ነው፤ አንድ ቡና የሚወደደው ወይም የሚጠላው በሌላም ብዙ ምክንያት ስለሆነ ካፌይኑ ብቻ ነው ብሎ መደምደም አይገባም።

ከነዚህ ቁጥሮች ጎን ሌላ ጥናት ሲቀመጥ አንባቢ ግራ ሊገባው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2008 አበበ በላይና ባልደረቦቻቸው በአልትራ ቫዮሌት ጨረር ለክተው ለቤንች ማጂ 1.10፣ ለይርጋ ጨፌ 1.01፣ ለቴፒ 1.07፣ ለጎደሬ 1.19 በመቶ የሚል ውጤት አሳትመዋል። ይህ ከባሕር ዳሩ በአሥር እጥፍ ገደማ ይበልጣል። የሁለቱ ቡድኖች አዘገጃጀትም ሆነ ልኬት የተለያየ ስለሆነ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ወለጋ ከቴፒ ያንሳል ማለት ስሕተት ነው። በአንድ ጥናት ውስጥ ያሉት እርስ በርሳቸው ይነጻጸራሉ፤ ከጥናት ወደ ጥናት ለመሻገር ግን አንድ ዓይነት አሠራር ያስፈልጋል። በገበያ ሚዛን ላይ የሚነሣው ጭቅጭቅ በቤተ ሙከራም አለ።

ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ሥራቸውን አልጨረሱም። በሰሜኑ ጦርነት ወቅት ትግራዊ በመሆናቸው በፌስቡክ ገጾች ላይ ፎቶግራፋቸውና የሐሰት ክስ ከተሠራጨባቸው በኋላ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. በባሕር ዳር በመኖሪያ ቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ በኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌስቡክን ባለቤት ኩባንያ ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱም በ2025 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ። ስማቸው በዓለም ዜና የተነሣው በአሟሟታቸው ነው። ከዚያ በፊት ግን የኢትዮጵያን ቡና በአንዲት የካርቦን ዘንግ እንዲለካ ያደረጉ፣ ተማሪ ያሠለጠኑ መምህር ነበሩ፤ የቡና ገበሬ ሊያስታውሳቸው የሚገባው በዚህም ነው።

ከላይ በተጠቀሱት በሁለቱም ዝርዝሮች ውስጥ፣ በኤሌክትሮዱም ሆነ በጨረሩ፣ የሐረርጌ ስም የለም። ይህ የሆነው ሰው በቅርቡ ካለው ስለሚጀምር ነው፤ የባሕር ዳር ተመራማሪ ዘጌን ቢለካ አያስወቅሰውም። ይሁን እንጂ በዓለም ገበያ ስሙ ከሁሉ ቀድሞ የታወቀው ቡና ከዝርዝሩ መቅረቱ ጎድሎ ይታያል። በዘሩ በኩል የተሠራው የተሻለ ነው። በዳሮ ለቡ ወረዳ የሚገኘው የመቻራ የግብርና ምርምር ማዕከል ለአካባቢው የሚስማሙ የቡና ዝርያዎችን ለመምረጥ ሲሠራ ቆይቶ በ2002 ዓ.ም. ለሐረርጌ አራት ዝርያዎች ተለቅቀዋል፤ ስማቸውም መቻራ-1፣ ቡልቱም፣ ሞካና ሐሩሳ ነው። የተመረጡት ከዚሁ ከሐረርጌ ገበሬ ማሳ በተሰበሰበ ዘር ውስጥ ሲሆን መመዘኛው ምርታማነት፣ በሽታን መቋቋምና የሲኒ ጣዕም ነበር። ገበሬው ቡናውን ነቅሎ ጫት ወደ መትከል በሚያዘነብልበት አካባቢ እያንዳንዱ የተሻለ የቡና ዝርያ ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2001 እና 2002 የዓለም የቡና ዋጋ በወደቀ ጊዜ ስንት የቡና እግር እንደተነቀለ አዛውንቶች አይረሱትም።

አሁን ጭሮ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ፣ ቀድሞ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ በነበረበት ከተማ የቆመ ሲሆን ስሙንም ያገኘው ከኢቱ ኦሮሞ ጥንታዊ የገዳ መሰብሰቢያ ነው። ከመቻራ ማሳ እስከ ጭሮ ቤተ ሙከራ ያለው መንገድ የአንድ ቀን መንገድ አይሞላም።

እዚህ ላይ ስለ ዘዴው አንድ ማስጠንቀቂያ መናገር ያስፈልጋል። በየመጽሔቱ የሚወጡት የናኖ ኤሌክትሮድ ጥናቶች ብዙዎቹ የሚፎካከሩት እጅግ ጥቂት ካፌይን በማግኘት ነው። አንዱ ከሌላው አሥር እጅ ያነሰ መጠን ለካሁ ይላል። ለቡና ይህ አያስፈልግም። ቡና ውስጥ ካፌይኑ መቶ ግራም ላይ አንድ ግራም ያህል ነው፤ ለመለካት እንዲያውም ፈሳሹን በውኃ ማቅጠን ግድ ይላል። የሚያስፈልገው ዛሬ የለካው ነገ ሲለካ ያንኑ ቁጥር የሚሰጥ፣ በመቶኛው ናሙና ላይም ያልቆሸሸ፣ ቢሰበር ወይም ቢያልቅ እዚሁ አገር ሊተካ የሚችል ኤሌክትሮድ ነው። የወርቅ ቅንጣትና አልማዝ ለመጽሔት ያምራሉ፤ ለመቻራ የሚሻለው የባሕር ዳሩ የሊግኒን መንገድ ይመስላል። በዓለም ዙሪያ ደግሞ ከቡና ገለባ የተቃጠለ ካርቦን ማዘጋጀት ብዙ የተሞከረ ጉዳይ ነው። በደረቅ አዘገጃጀት ከጀንፈል የሚወጣው ገለባ በየመፈልፈያው ደጃፍ በሚቆለልበት በምዕራብ ሐረርጌ ጥሬ ዕቃው ከሆጃው ተርፎ ለኤሌክትሮዱም ይበቃል።

የካፌይን ቁጥር ብቻውን የሐረር ቡና ከሐረር መሆኑን አያረጋግጥም፤ የአረቢካ ቡናዎች መጠን እርስ በርሱ ይቀራረባልና። እ.ኤ.አ. በ2016 በውቀቱ መሐሪና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት ካፌይንን ከሌሎች ሦስት አልካሎይዶች ጋር አንድ ላይ በመለካት የኢትዮጵያን ቡና መገኛ መለየት ይቻል እንደሆነ መርምረዋል። አቅጣጫው ትክክል ነው፤ አንድ ምስክር ሳይሆን አራት ምስክር መጥራት ማለት ነው። መልካም ኤሌክትሮድ ደግሞ ክሎሮጀኒክ አሲዱንና ካፌይኑን በአንድ ጥሪ በየዋጋቸው ስለሚለይ በአንድ ጊዜ ሁለት ምስክር ያቀርባል።

የጨርጨር ገበሬ በማሳው ውስጥ የቆዩትን የቡና ዓይነቶች በየስማቸው ለይቶ ያውቃል። ከነዚህ መካከል ካፌይኑ ያነሰ ወይም የበዛ መኖሩን የሚነግረን ቁጥር በእያንዳንዱ ዓይነት ላይ አልተጻፈም። ከየዓይነቱ አንዳንድ ኪሎ ጀንፈል በየመሠረታዊ ማኅበሩ ተለይቶ፣ ቀበሌውና የተለቀመበት ቀን ተጽፎበት ቢቀመጥ ለመጀመሪያው ልኬት የሚያስፈልገው ናሙና ተሟላ ማለት ነው። ለአንድ ልኬት ከዚያ ኪሎ ውስጥ የሚፈለገው ከጥቂት ግራም አይበልጥም።